ባለ ቀንዱ ጊታር

አጎቴ ያንን ሳንቃ ተሸክሞ የገባ ቀን እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ሳንቃው ከእሱ ቁመት ይረዝማል፤ ጥቁር፣ ዘይት የጠጣ፣ ሚስማር የወጋጋው። አንዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ሌላውን በግቢው አፈር ላይ እየጎተተ ገባ።

«ደግሞ ምን ተሸክመህ መጣህ?» አለችው።

በአጠገቧ አልፎ ሳንቃውን ከጓሮው ግድግዳ ጋር ሊያስደግፍ ሄደ።

«አንተን እኮ ነው! ምንድነው ይሄ?»

ዞር አላለም። የእናቴ ቢላዋ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ጀርባውን አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጣ ዓይኖቿን በክንዷ ጠረገች። እኔ ሽንኩርቱ ነው ብዬ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለነበር ከቤት ይልቅ መኪናው ውስጥ ኖረ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳደገኝ፣ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረኝ፣ ጠዋት ጠዋት በፉጨት የሚቀሰቅሰኝ አጎቴ ነበር። አንድ ቦታ አልቀመጥ ስለምል «ቁንጫ» ነበር የሚለኝ። በሥራ ቀን የጭነት መኪና ካሶኒ በሚሠራበት ጋራዥ ውስጥ አናጢ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ በሠርግ አዳራሽ ጊታር ይጫወታል። ጊታሩ የባንዱ ንብረት ነበር። አልጋው ራስጌ ስለሚያድር እኔ የራሱ ይመስለኝ ነበር።

ሳንቃው ከመምጣቱ በፊት የባንዱ መሪ እቤታችን መጥቶ ነበር። ሳክስፎን የሚነፋ ወፍራም ሰው ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ራሱ እንደ ሳክስፎን ያፏጫል። አጎቴ ሥራ ላይ ነበር። መሪው በራፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ከእናቴ ጋር አወራ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

«እህቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አላት። «እንደ ወንድሜ ነው የማየው። ግን እሱ ሌላ ዘፈን ላይ ነው፣ እኛ ሌላ ዘፈን ላይ ነን። እስከ መቼ?»

«ትንሽ ብትታገሱት...»

«ታገስን እኮ። ሰው ሳቀብን።»

ጊታሩን ከነሳጥኑ ይዞ ሄደ። እናቴ በሩን ዘግታ ግንባሯን አስደገፈችበት። «እንደ አባባ እየሆነ ነው» አለች ለራሷ። «ልክ እንደ አባባ።»

የሰማሁትን ቁርጥራጭ ሁሉ ሰፋሁና የራሴን ልብስ አወጣሁለት። አጎቴ ሌላ ዘፈን ላይ ነው ማለት የእነሱ አሮጌ ዘፈን ሰልችቶት የራሱን ማውጣት ጀምሯል ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ቀኑበት፤ ጊታሩን ነጠቁት። እንደ አባባ መሆኑም ቢሆን ገብቶኛል። አያቴ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ስለ እሱ በሰፈሩ ሲወራ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ኩሩ ነበር። ሰላም ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ ሲጠሩት ዞር ብሎ አያይም። በቃ፣ አጎቴም ኮርቷል።

አሁን ሳስበው፣ አያቴን ኩሩ የሚሉት ሰዎች ሁሉ ከኋላው የጠሩት ናቸው።

ኩራቱ እኔንም አልማረኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ጀምሬ «አጎቴ!» እያልኩ ስሮጥ ቀና አይልም ነበር። ድሮ እኮ ኮቴዬን ሰምቶ «ቁንጫ መጣች፣ ሱሪያችሁን አራግፉ!» የሚል ሰው ነው። የጠዋቱ ፉጨትም ቀረ። ድምፁም ዝቅ አለ፤ የሚያወራው ሁሉ ምስጢር ይመስል በለሆሳስ ሆነ። እናቴ ደግሞ ጸባይዋ ተለወጠብኝ። ለምሳ ስትጠራው በመጥራት ፈንታ እግሯን ወለሉ ላይ ትመታለች፤ ወይ ክፍሉ በራፍ ላይ ቆማ መብራቱን ታጠፋና ታበራለች። ተጣልተዋል አልኩ። ሁለቱም ስለ ምን እንደተጣሉ ስለማይናገሩ ጠቡ የከፋ መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ። ሆድ ባሰኝ።

ስለዚህ ጊታሩን ከሳንቃው እንደሚሠራ ሳውቅ ደስ አለኝ። ይሥራና ያሳያቸው! መጥተው ይለምኑታል፤ እሱም ይታረቃል፤ እኔንም እንደ ድሮው ትከሻው ላይ ያወጣኛል።

መጀመሪያ ያየሁት ሥራ ግን ሥራ አይመስልም ነበር። ሳንቃውን በሁለት በርሜል ላይ አጋድሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አሳርፎ በጣቱ አጥንት ያንኳኳል። ቆም ይላል። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ያንኳኳል።

«ማን አለ ውስጡ?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ፤ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ሰው የሚፈልገውን ቤት ያገኘ መሰለ።

ሳንቃው የአሮጌ ጭነት መኪና ወለል ነበር። ሲሚንቶ፣ እህል፣ ከብት፣ የቤት ዕቃ፣ ምኑ ያልተጫነበት! አጎቴ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ በጉጠት ነቀላቸው፤ ሲወጡ እንደ አሮጌ በር ይጮኻሉ። ተሰብሮ ውስጥ የቀረ አንድ ሚስማር መጋዙን ጥርስ አልባ አደረገበትና መጋዙን ወርውሮ ግቢው መሃል ተቀመጠ። ሲነሳ የሬዲዮ ሠሪውን ማግኔት ተውሶ መጣ፤ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር በማግኔቱ እየዳበሰ የተደበቀውን ብረት ሁሉ አወጣው። ከዚያ መላጊያውን ያዘ። ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ተላጠ፣ ግራጫው ተላጠ፣ ከሥሩ ቀይ እንጨት ወጣ፤ እንደ ጉበት ቀይ። ፍቅፋቂው እግራችን ሥር ተጠቅልሎ ተከመረ፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት የነበረው ግቢ የበርበሬና የማር ሽታ ያዘ። እፍኝ ሙሉ እያነሳሁ አሸተው ነበር።

ቅርጹን በካርቶን ላይ ነበር የሣለው። ጊታር ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ ያለ ነገር እንዳለው የባንዱን አይቼ አውቃለሁ፤ የአጎቴ ጊታር የላይኛው ቀንድ ግን ከመጠን በላይ ረጅም ነበር፤ ወደ ላይ ተቆልምሞ ወደ ተጫዋቹ ፊት ይመለሳል። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሳቀች።

«ምንድነው እሱ? ጊታር ነው ወይስ ፍየል?»

አጎቴ ቀና ብሎ ፈገግ አለላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት፤ ከልቡ።

ሴትየዋ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ፤ እንዲህ ነው እንጂ ሰው ማሳፈር! አሾፈባት ብዬ ነበር። ሴትየዋ ከዚያ ቀን በኋላ እሱን ስታይ አትስቅም፤ ሰላም ስትለው እጇን ከፍ አድርጋ ታውለበልባለች። አጎቴን ፈራችው አልኩ።

አንገቱን ከተሰበረ የአልጋ እግር አወጣው። ጣት የሚረግጥባቸውን ብረቶች ከብስክሌት ቸርኬ ሽቦዎች ቆርጦ በሞረድ አስተካከላቸው። ድምፁን የሚይዘውን ክፍል ግን ብቻውን አልቻለም፤ ለእሱ ወደ ሬዲዮ ሠሪው ሱቅ ሄድን። ሬዲዮ ሠሪው ሆዳቸው የተበተነ ሬዲዮኖች መሃል የሚኖር፣ አንድ መስታወቱ የተሰነጠቀ መነጽር የሚያደርግ ሽማግሌ ነው። ከተቃጠለ ሞተር የወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነበረው። ማግኔቱን በእጅ መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ አስረው አጎቴ ያሽከረክራል፣ ሽማግሌው ሽቦውን በጣቱ ይመራል። ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር ሽማግሌው ይራገምና ከአዲስ ይጀምራሉ።

አንድ ነገር አስቆኝ ነበር። ሽማግሌው ከአጎቴ ጋር ሲያወራ ሥራውን ትቶ ፊት ለፊቱ ዞሮ፣ አፉን እንደ ጉማሬ እየከፈተ ነው።

«ለምን እንዲህ ትደክማለህ?» አለው። «የተሠራ አትፈልግም?»

«የተሠራው ለእኔ አይሆንም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሽቦ ምን ያደርግልሃል? እንጨቱ ብቻ አይበቃህም?»

አጎቴ የሽማግሌውን ከንፈር አይቶ ትንሽ አሰበ። «ኤሌክትሪኩ ለእናንተ ነው» አለ በዚያ በለሆሳስ ድምፁ። «እንጨቱ ነው የእኔ።»

ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ የተሰነጠቀ መስታወት የሚጠራለት ይመስል። እኔ በልቤ ሳቅሁ። ኤሌክትሪክ ይሰጣል እንዴ ለሰው!

ጊታሩ አልቆ ክር የተወጠረበት ቀን ቫርኒሹ ገና እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። አጎቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ታቀፈው፤ ያ የተቆለመመ ቀንድ ልክ አገጩ ሥር ገባ። መንጋጋውን አሳረፈበት። ክሩን ነካ። ከየትም ጋር አልተያያዘም፣ የሚሰማው ጥዝ ጥዝ የምትል የትንኝ ድምፅ ብቻ ናት። እሱ ግን ትንፋሹን ዋጠ። ደግሞ ነካው። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቀንዱን በጥርሱ ያዘው።

«አጎቴ! ጊታሩን ልትበላው ነው?»

አየኝና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! በእጁ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ቁንጫ፣ ነይ። ጆሮሽን ድፈኚ። በደንብ፣ በሁለቱም እጅሽ። አሁን ንከሺው።»

«ቫርኒሹ ይመራል።»

«ንከሺው ግዴለም።»

ጆሮዬን ደፍኜ ነከስኩት። ክሩን መታው።

ያንን ምን ብዬ እንደምገልጸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፁ ከውጭ አልመጣም። ከጥርሴ ተነስቶ፣ ጉንጬን አልፎ፣ ራስ ቅሌ ውስጥ ገብቶ ሞላ። ትንኟ የለችም፤ ትልቅ፣ ሞቅ ያለ፣ እንደ ደወል ያለ ነገር ነው። አጥንቴ ሁሉ ዘፈነ። ጮህኩኝ፤ ጩኸቴም እዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። አጎቴ ፊቴን እያየ ሌላ መታ፣ ሌላም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እጄን ከጆሮዬ አነሳሁ።

«ምን አልክ?»

«ይሰማል ወይ? ነው ያልኩት።»

«ይሰማል!»

«ውጪው ግን አይሰማም ነበር። እኔ ስናገር አልሰማሽም።»

«አዎ!»

«በቃ» አለ ራሴን እየዳበሰ። «እንዲያ ነው።»

ጨዋታ መስሎኝ «ድገመኝ፣ ድገመኝ» እያልኩ አስቸገርኩት። ለማንም ያልነገረውን ነገር ለእኔ መንገሩ እንደነበር ያወቅሁት ትልቅ ሴት ከሆንኩ በኋላ ነው።

እሁድ ከሰዓት ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባንዱ ወደሚለማመድበት አዳራሽ ወሰደው። እኔንም አስከተለኝ። እናቴ ቀድማ ሄዳ መሪውን መለመኗን ያን ጊዜ አልሰማሁም፤ በገዛ ጥበቡ የተጠራ መስሎኝ በየመንገዱ እየዘለልኩ ነበር የሄድኩት።

አዳራሹ የትናንት ሠርግ ሽታ አለው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለዋል። ሙዚቀኞቹ ጊታሩን ሲያዩ ከበቡት። ከበሮ መቺው ቀንዱን ጨበጠና «በዚህ ሰው ትወጋለህ» አለ። ሳቁ። አጎቴም ሲስቁ አይቶ ሳቀ። ገመዱን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰኩለትና ክሩን አንዴ ሲመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«ወይ ጉድ!» አለ መሪው። «ከመኪና ሳንቃ ነው ይሄ?»

ጀመሩ። አጎቴ አገጩን ቀንዱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከከበሮ መቺው እጅ ላይ አልነቀለም። ዱላው ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲነሳ ይነሳል። እንዴት ያምር ነበር! ዘፋኙ ወደ እሱ ዞሮ አውራ ጣቱን አሳየው። መሪው ሳክስፎኑን ሲነፋ ጉንጩ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱ የቀለለው ይመስል ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ የአጎቴ ተራ ደረሰ፤ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ። ጣቶቹ አንገቱ ላይ ወደ ላይ ሮጡ፣ ዘፈኑ ከፍ አለ፣ እሱም ደስ ሲለው እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈነ።

ዓይኑን ባይጨፍን ኖሮ! የዚያን ቀን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር እዚህ ላይ እቆማለሁ። እያየ እስከተጫወተ ድረስ አብሯቸው ነበር። ደስታው ነው የለያቸው።

እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ስሰማ መጀመሪያ ቤዝ የሚመታው ቆመ። ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ማቆሚያው ላይ መለሰ። መሪው ሳክስፎኑን ከአፉ አውጥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከበሮ መቺው ብቻ ትንሽ ተከተለው፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያለ፤ የሚሸሽ ልጅ የሚያባርር ይመስል ነበር። በመጨረሻ እሱም ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

አጎቴ ቀጠለ። ዓይኑ እንደተጨፈነ፣ መንጋጋው እንጨቱ ላይ እንዳለ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ተጫወተ። መሪው በመሐረብ ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ ሁሉም ገብቶኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፣ መጫወት ነውር ሆኖባቸው ሊያዳምጡት ተቀመጡ፤ ወፍራሙ ሰውዬ ሳይቀር አለቀሰ።

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አደረሰው። የመጨረሻዋን ድምፅ እስክትሞት ጠብቆ ዓይኑን ገለጠ።

እኔ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ነበር የማጨበጭበው። አጎቴ በመሪው ጭን ላይ የተጋደመውን ሳክስፎን አየ፤ ጉልበት ላይ ያረፉትን ዱላዎች አየ፤ ወደ ማይክሮፎኑም ዞረ።

«መቼ ነው ያቆማችሁት?» አለ።

ከበሮ መቺው ነው ተነስቶ ፊት ለፊቱ የቆመው። «ቆየን፣ ወንድሜ» አለው ረጋ ብሎ። «ቆየን።»

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ገመዱን ነቀለ፤ ጊታሩን በብርድ ልብሱ ሕፃን እንደሚጠቀለል ጠቀለለው። መሪው መጥቶ አቀፈው፤ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ ጆሮው ሥር ብዙ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። አሁን ሳስበው፣ እሱም አልሰማም።

ወደ ቤት ስንመለስ አንደበቴ አላረፈም። እጁን ይዤ፣ በጎኑ እየተራመድኩ፣ ማን መጀመሪያ ዝም እንዳለ፣ ማን እንዳለቀሰ ስለፈልፍ እሱ ወደ ፊት እያየ ይራመዳል። በመጨረሻ ከፊቱ ቀድሜ የኋሊት እየሄድኩ ጮህኩ።

«አጎቴ! ሁሉም ዝም ብለው አንተን ብቻ ሰሙህ እኮ!»

ቆመ። አፌን አየ፤ ያልኩትን ከከንፈሬ ላይ ሲለቅም ጊዜ ወሰደበት። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ።

«አየሽ አይደል?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ትከሻው ላይም አወጣኝ።

ከዚያ በኋላ ከባንድ ጋር ተጫውቶ አያውቅም። ካሶኒ በመሥራት ጸጉሩ ሸበተ፤ አላገባም፤ ሰላም ሲሉት የማይመልስ ኩሩ ሰው እየተባለ ኖሮ ባለፈው ክረምት አረፈ። የእኔ ግራ ጆሮ መደፈን ሲጀምር የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። «በቤተሰብ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አጎቴ፣ ስለ አያቴ፣ ስለ ቀንዱ ነገርኳት። አዳምጣ አስረዳችኝ፦ ጆሮ ውስጥ ያለች ትንሽ አጥንት ትደርቃለች፣ የውጭው ድምፅ መግቢያ ያጣል፤ በአጥንት የመጣ ግን ይገባል። በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል አለችኝ። «ያኔስ ነበረ?» አልኳት። «ነበረ» አለች። «የሚያውቅ ሰው ቢያገኝ።» እኔ ተሠርቶልኛል። ፋሻው ሲፈታልኝ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲራመድ ሰማሁና ነርሷ እስክትደነግጥ አለቀስኩ።

ያን እሁድ ግን ገና ከግቢ ስንገባ እናቴ በራፉ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። አጎቴ ከትከሻው አውርዶኝ ምንም ሳይል ወደ ክፍሉ ገባ። እሷ እኔን ያዘችኝ።

«እንዴት ሆነ?»

«እማዬ፣ ብታይ! እሱ ሲጫወት ሁሉም መጫወታቸውን ትተው ዝም አሉ! አንድ በአንድ! ወፍራሙ ሰውዬ እንዲያውም አለቀሰ!»

እናቴ ትከሻዬን እንደያዘች ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አንስታ ዓይኗን ጠረገች። ደስታ ነው አልኩ፤ በደስታም እንደሚለቀስ ገና ዛሬ አይቻለሁና።

ተነስታ ወደ ክፍሉ ሄደች። በሩን አላንኳኳችም፤ ገፍታ ገባች። አልጋው ላይ ከጎኑ አልተቀመጠችም፤ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ፣ ፊቷን እንዲያይ ልክ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ሁለት እጁን ያዘች። ለረጅም ጊዜ የተኮራረፉ ሰዎች ታረቁ! በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይታየኛል።

«ጥሩ ነበር ወይ?» አለችው ቃል በቃል እየለየች።

አጎቴ በእሷ እጅ የተያዙትን ጣቶቹን አየ።

«በእኔ በኩል» አለ፤ ድምፁ ከመቼውም ይልቅ ዝቅ ብሎ ነበር። «በእኔ በኩል እንዴት ጥሩ ነበር፣ እትዬ።»

ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አጎቴ ሲጫወት ሙዚቀኛ ሁሉ አፉን ከፍቶ እንደቀረ ለሰፈሩ ልጆች ለመናገር።